ለአማቶቼ ሰላምታ ያስተማሩኝ ምዋሊሙ

ይህን የምጽፈው ናይሮቢ ላላችሁ ሐበሾች ነው። በተለይ እንደኔ ከታይታ (የኬንያ ብሔረሰብ ነው) ቤተሰብ ጋር ለተጋባችሁ።

ባለቤቴ የዉንዳኚ ልጅ ናት። ከቮይ ወደ ላይ፣ የታይታ ኮረብታዎች ላይ። የኔ ስዋሂሊ ለገበያና ለማታቱ (ለሚኒባሱ) ይበቃል። አማቴን ግን በ"ሃባሪ" (እንዴት ነህ እንደማለት) ብቻ ልለፋቸው? አፈርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የታይታ መምህርት እንዳሉ ሰማሁና ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ "ምዋሊሙ" ነው የሚላቸው፤ መምህር ማለት ነው።

ደብተር አላስወጡኝም። "ውጣና እንደ እንግዳ ግባ" አሉኝ። ወጣሁ፣ "ሆዲ" ብዬ አንኳኳሁ። "ካሪቡ" አሉ፣ ገባሁ። ገና ከመግባቴ እጄን ዘረጋሁ። ቸኮልክ ብለው እንደገና አስወጡኝ። አራት ጊዜ!

ከዚያ ወደ ኪዳዊዳ ገባን። ታይታዎች ቋንቋቸውን እንዲያ ነው የሚጠሩት። ጠዋት "ኳውካ ማና"፣ ከሰዓት "ኳሲንዳ ማና"። "ማና" ደህና ነው። አንደኛው ከእንቅልፍ መነሳትን ይጠይቃል፣ ሌላኛው መዋልን። እንዴ፣ ይሄማ የኛው "ደህና አደርክ" እና "ደህና ዋልክ" አይደል? ስነግራቸው በጣም ሳቁ። ለትልቅ ሰው የሚባለውን የስዋሂሊውን "ሺካሞ" ደግሞ እንዳትረሳ አሉኝ። እግርዎን ይዣለሁ ከሚል የመጣ ነው ይባላል። ጉልበት እየሳመ ላደገ ሰው ምኑ ይከብዳል።

ቀኑ ደረሰ። እስከ ቮይ በባቡር፣ ከዚያ ሽቅብ በማታቱ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ ሳነበንብ ቆየሁ። አማቴ ደጃፍ ስንደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ሆዬ "ኳውካ ማና" አልኳቸዋ! ቀኑ ሊመሽ ሲል ደህና አደሩ ወይ ማለት ነው። ግቢው በሳቅ ሞላ። ወዲያው "ኳሲንዳ ማና" ብዬ አረምኩ። አማቴ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ እስክንመለስ ድረስም አብሬያቸው ማዕድ ቤት ነበርኩ።

ምዋሊሙ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለችኩል ሰው አይሆኑም። የአንድ ሰዓት ትምህርት ከነሻዩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በስልክም አያስተምሩም፣ ቤታቸው መሄድ ግድ ነው። ክፍያውን በኤምፔሳ ትልኩላቸዋላችሁ። ቁጥራቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።