የሄርማታ ገበያ ዳጣ፦ ለጅማ ክረምት

የጅማ ክረምት አይቀልድም። ዝናቡ ከያዘ ማታ ላይ የሚያሞቅ ነገር ያምራል። የኔ ምርጫ ዳጣ ነው፤ ቃሪያ ከቅመም ጋር ተወቅጦ የሚሠራ የሚያቃጥል ማባያ። የምገዛው ሄርማታ ገበያ ቅመም ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው፤ ቤታቸው ነው የሚያዘጋጁት።

ፌስታሉን ስትፈቱት ቀድሞ የሚመጣው የበሶብላና የጤና አዳም ሽታ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላሉ። በማሽን ስላልተፈጨ የቃሪያው ፍሬ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ገዝተው፣ ራሳቸው ፈልፍለው ነው የሚወቅጡት። ለዚህ ነው ሽታው ያልጠፋው። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ሆኖ ሳለ እዚሁ ጅማ የከረመ ዱቄቱን መግዛት አይገባኝም!

ማቃጠሉስ? ግንባር ያልባል። ውሃ አያበርደውም፣ አይብ አጠገባችሁ ይኑር። ከትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጋር ወደር የለውም። ለክትፎም ይሆናል።

ጨው ግን ይበዛበታል። ስነግራቸው «የኔ ልጅ፣ ጨው ካልበዛ ይበላሻል» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ግን ትንሽ ቢቀንሱት አይከፋም። ፌስታሉም ስስ ነው፤ ቦርሳዬን አበላሽቶብኛል። ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ ከላይ ዘይት አፍሱበትና ፍሪጅ አስገቡት።

ራሳችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁም ያስረዳሉ። የታጠበው ቃሪያ ውሃው በደንብ ሳይጠፈጠፍ እንዳይወቀጥ አጥብቀው ይመክራሉ፤ ቶሎ ይሻግታልና።

ቀዩም አለ፣ ለኔ ግን አረንጓዴው ይበልጣል። እሱ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፤ ሐሙስ ጠዋት ድረሱ።