ኒዮ ወይስ ሚኒ 4ኬ?

ሁለቱም የዲጄአይ ድሮኖች ናቸው፤ ሁለቱም በ4ኬ (በጣም ጥርት ባለ) ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ልዩነታቸው አየር ላይ ይታያል።

ኒዮ 135 ግራም ብቻ ነው። መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ ቁልፉን ጫን ስታደርገው ብድግ ይላል። ፕሮፔለሮቹ ዙሪያቸውን ስለተከለሉ ለጣት ብዙም አያሰጉም። ባትሪው ግን ቢበዛ 18 ደቂቃ ነው።

ሚኒ 4ኬ ከ250 ግራም በታች ሆኖ ካሜራውን በሦስት አቅጣጫ የሚያረጋጋ ጊምባል አለው። ነፋስ ሲገፋው አካሉ ያዘነብላል፤ ምስሉ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። የኒዮው ጊምባል ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ እዚህ ጋ አይወዳደረውም። ሚኒው በወረቀት ላይ 31 ደቂቃ ይበራል (እኔ ብሆን ከዚያ በፊት አወርደዋለሁ)። እንቅፋት የሚያይ ሴንሰር ስለሌለው ዛፍ አጠገብ ዓይንህን አትንቀል።

ራስህን ለመቅረጽ ኒዮ ይበቃል። ለተራራና ለሐይቅ ግን ሳላመነታ ሚኒ። ወደ ኢትዮጵያ ይዘህ ልትገባ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርስ።