ሀርድዊክ ሆል፦ መስኮት የማይጠግብ ቤት

እንግሊዝ ውስጥ ካሉት የድሮ የመኳንንት ቤቶች አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ፣ ደርቢሺር ያለውን ሀርድዊክ ሆልን እዩ። ከሱ የሚተልቅ ሞልቷል። የባለቤቱን ጠባይ እንደሱ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ግን የለም።

ያሠራችው የሽሩስበሪዋ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ታልቦት ናት፣ ሁሉም የሚያውቃት ቤስ በሚለው ስሟ ነው። አራት ባል አግብታ አራቱንም ቀብራ፣ በየጋብቻው ሀብት በሀብት ላይ ስትደርብ ኖራ፣ ስድሳን ካለፈች በኋላ በ1590 እ.ኤ.አ. ይህን ቤት ጀመረች። በ1597 ገባችበት። ያኔ የመስታወት ዋጋ አይቀመስም ነበር። እሷ ግን ፊት ለፊቱን በመስኮት ሞላችው። ይኼ አልበቃ ብሏት ማማዎቹ አናት ላይ የስሟን ፊደላት በድንጋይ አስቀርጻ ሰቀለች። ትሕትና በዚያ በኩል አላለፈችም!

ደረጃው ያለፋል፣ ግን ውጡት። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጣሪያው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ምድር ቤቱ ለሥራ፣ መሀሉ ለቤተሰቡ፣ ላይኛው ንግሥቲቱ ከመጣች ተብሎ የተሠራ ነው። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ አንድም ቀን አልመጣችም።

ዋናው ነገር ያለው እዚያው ላይ፣ 50 ሜትር ገደማ በሚረዝመው አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱን የጌዴዎንን ታሪክ የሚያሳዩ 13 ግዙፍ፣ በሽመና የተሠሩ የግድግዳ ጨርቆች ተሰቅለዋል። መጀመሪያ የንግሥቲቱ ባለሟል የሰር ክሪስቶፈር ሃተን ነበሩ። ቤስ እሱ ከሞተ በኋላ ስትገዛቸው፣ የሃተን አርማ አለበትና እሱን መቀየሪያ ብላ 5 ፓውንድ አስቀንሳለች። ከዚያ የራሷን አርማ ጨርቅ ላይ አስቀብታ በላዩ አሰፋችበት። ያን ሁሉ ገንዘብ ያላት ሴት ለ5 ፓውንድ ስትከራከር ይታያችሁ! እኔ እዚህ ጋ ወደድኳት። ጨርቆቹን የመጠገኑ ሥራ 24 ዓመት ፈጅቶ ያለቀው በ2023 ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለጨርቁ ሲባል ብርሃኑ ይቀነሳል። መስኮቱን ብሎ የሄደ ሰው ውስጡ ደብዘዝ ብሎ ያገኘዋል። የመስኮቱን ነገር ከውጭ ጥገቡት።

ቤቱ በ1959 ታሪካዊ ቦታዎችን ለሚጠብቀው ድርጅት ለናሽናል ትረስት የተላለፈው ቤተሰቡ የውርስ ግብር ስለከበደው ነው። አጠገቡ ያለውን ፍርስራሽም አትዝለሉት። አሮጌው ሀርድዊክ ሆል ነው፤ ቤስ አዲሱን የጀመረችው እሱን ሠርታ ሳትጨርስ ነው።