ኖርማላይዝ የተደረገ ላሜራ ወይስ የቻርፒ ፍተሻ?

በአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ኮድ ክፍል 8፣ ዲቪዥን 1 መሠረት፣ ለግፊት ታንክ የሚውል ኤስኤ-516 ግሬድ 70 የተባለው የካርቦን ብረት ላሜራ ከመዳመጫው እንደወጣ ከቀረበ በ«ቢ» ኩርባ፣ ኖርማላይዝ ተደርጎ (በምድጃ ሞቆ በአየር እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ) ከቀረበ ግን በ«ዲ» ኩርባ ይመደባል፤ ኩርባዎቹ ለየውፍረቱ ያለ ፍተሻ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ሙቀት ያሳያሉ። ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር ቢሆን የመጀመሪያው ያለ ምት ፍተሻ (ብረቱ በቅዝቃዜ ተሰባሪ አለመሆኑን የሚለካው የቻርፒ ፍተሻ) የሚፈቀደው እስከ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን አልፎ ይወርዳል። ስለዚህ ለቅዝቃዜ ምርጫው ኖርማላይዝ የተደረገውን መግዛት፣ ወይም እንደተዳመጠ ያለውን ገዝቶ በቻርፒ መፈተሽ ነው።

ዋጋ፦ እንደተዳመጠ የሚሸጠው ይረክሳል፤ ኖርማላይዝ የተደረገው ግን የምድጃውን ወጪ ይጨምራል።

ቅለት፦ ፍተሻው ራሱ ከባድ አይደለም፤ 10 በ10 በ55 ሚሊሜትር የሆኑ፣ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የ«ቪ» ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሦስት ናሙናዎች በመዶሻ ይሰበራሉ። ብዙዎች የሚዘነጉት፣ በእኔ ግምት ዋናው ወጪ የሆነው፣ የብየዳ ፕሮሲጀሩም (ብየዳው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ሰነድ) በምት ፍተሻ መጽደቅ ስላለበት በብየዳው የሚገባው ሙቀት ገደብ የሚጣልበት መሆኑ ነው።

ስጋት፦ ናሙናው ከወደቀ የተገዛው ላሜራ ለታሰበው ሙቀት አይውልም።

ከዜሮ በላይ ለሚሠራ ቀጭን ታንክ እንደተዳመጠ ያለው ይበቃል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሚደርስ 25 ሚሊሜትር ላሜራ ኖርማላይዝ የተደረገው ይመረጣል። ውፍረቱ ከ40 ሚሊሜትር ካለፈ የላሜራው ስታንዳርድ ራሱ ኖርማላይዝ ማድረግን ስለሚያስገድድ ምርጫ የለም።