መስታወቱ ደህና፣ ፍሬሙ ግን ያልበዋል፦ የደሴ ቤታችን አዲስ መስኮቶች

ያናደደኝ ፍሬሙ ነው። መስታወቱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ክረምቱ ሳይገባ የድሮዎቹን የብረት መስኮቶች አስነቅዬ ደብል ግላስ (ሁለት መስታወት የተደረበበት) አልሙኒየም አስገጠምኩ። ክረምቱን በደህና አለፍን። ብርዱ ቀነሰ፣ የመኪና ድምፅም እንደ ድሮው አይሰማም። ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ሲጠራ ግን ጉዱ ወጣ።

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ መስታወቱ መሃል ለመሃል ደረቅ ነው። ዙሪያውን ያለው አልሙኒየም ግን ውሃ አዝሏል። ጠብታው ታችኛው ጥግ ላይ ይጠራቀምና በግድግዳው ይወርዳል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቀለም አብጦ መላጥ ጀምሯል። የመጋረጃው ጫፍ ሻግቷል። መስታወቱን ስነካው ያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ ፍሬሙ ጣት ያደነዝዛል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አብሽር ወንድሜ፣ የቤት እንፋሎት ነው፤ ወጥ ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ» አለኝ። እንከፍታለን። እንፋሎት መኖሩማ መቼ ጠፋኝ? ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንፋሎት አለው። ጥያቄዬ መስታወቱን ትቶ ፍሬሙ ላይ ለምን ያርፋል ነው። እንፋሎት ውሃ የሚሆነው ከሁሉ የቀዘቀዘውን ቦታ ሲያገኝ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መሃል የታሸገው አየር ብርዱን ያግዳል። ወጥ የሆነ አልሙኒየም ግን ማንኪያ የሻይን ሙቀት ወደ እጅ እንደሚያመጣው የውጩን ብርድ ይዞት ይገባል። አልሙኒየም ሙቀት በማሳለፍ ፒቪሲ ፕላስቲክን 1,000 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። መፍትሔው ደግሞ የታወቀ ነው፤ የውስጡንና የውጩን አልሙኒየም ለያይቶ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ማገጃ ማስገባት። ተርማል ብሬክ የሚሉት እሱን ነው። ሻጩ ስለ መስታወቱ ውፍረት፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ እጀታው ሲያስረዳኝ ይቺን ነገር አንዴም አላነሳትም። መንገር የእሱ ሥራ ነበር።

«ኮምቦልቻ ስንቱን ገጥመናል፣ ማንም አልተማረረም» ብሎኛል። ኮምቦልቻ እኮ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ሥር ናት። የታኅሣሥ ሌሊት እዚያና እዚህ አንድ አይደለም።

የእናንተም መስኮት ካላበው መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉት። ከጠፋ ችግሩ የእኔው ዓይነት ነው። ውሃው በሁለቱ መስታወቶች መሃል ሆኖ አልጠረግ ካለ ግን ማሸጊያው ለቋል። ያ መስታወት መቀየር አለበት፤ ዋስትና ካላችሁ እንዳትለቋቸው።

መስታወቱን ነገም እገዛዋለሁ። ያንን ፍሬም ግን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልወስድም። የእናቴ ክፍል መስኮት ገና አልተቀየረም። ለእሷ የማሠራው ወይ ዩፒቪሲ (ጠንካራ የፒቪሲ ፕላስቲክ ፍሬም) ነው፣ ወይ ተርማል ብሬክ ያለው አልሙኒየም። የፍሬሙን ቁራጭ አምጥተው ያሳዩኛል፤ መሃሉ ላይ ያለውን ፕላስቲክ በዓይኔ ካላየሁ ቀብድ አልከፍልም።