ስለ ናርካን፣ በቤቴ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የሚደክምበትን ሰው የሚያነቃው፣ በአፍንጫ የሚረጨው ናርካን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ነው። እኔ ሁለት መርጫ የያዘውን ሳጥን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ 45 ዶላር ገደማ ከፍዬ የገዛሁት፣ ወንድሜ ወገቡን ተጎድቶ የታዘዘለትን ኦክሲኮዶን የተባለ ኦፒዮይድ መተው አቅቶት፣ ማዘዣው ሲቋረጥበት ክኒን ከመንገድ መግዛት እንደ ጀመረ ካወቅሁ በኋላ ነበር። እንዲህ ያለው ክኒን ፌንታኒል (በጥቂቱ እንኳ ሊገድል የሚችል ኦፒዮይድ) ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም።

አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘርሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እስትንፋሱ እየተቆራረጠ አገኘሁት። ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪ 911 ደወልኩ፤ የመጀመሪያውን መርጫም ረጨሁለት። መርጫው መገጣጠም አያሻውም፤ ጫፉን አፍንጫ ውስጥ አስገብቶ ከታች በአውራ ጣት መጫን ብቻ ነው። 4 ሚሊግራሙ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ግን ለሙከራ የረጨው ሰው መድኃኒቱን አባከነው ማለት ነው። በስልክ እየመሩኝ ትንፋሽ ስሰጠው ሦስት ደቂቃ ያህል አለፈ፤ ለውጥ ስላላየሁ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫው ረጨሁ። ያን ጊዜ ደረቱ ከፍ አለ።

ሲነቃ ተንቀጠቀጠ፣ አስታወከ፣ ተቆጣኝም። መድኃኒቱ ኦፒዮይዱን በድንገት ስለሚያከሽፈው እንዲህ እንደሚሆን ቀድሜ ባላነብ ኖሮ የጎዳሁት ይመስለኝ ነበር። የናርካን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይና የሕመምተኛው ትንፋሽ ተመልሶ ሊደክም ስለሚችል፣ ሆስፒታል እንዲሄድ የለመንኩበት ጊዜ ከሁሉ የከበደኝ ነው።

መድኃኒቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በሜሪላንድ የጤና ቢሮዎች በነፃ ስለሚሰጡትም ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይበጃል። ሆኖም ራሱን የሳተ ሰው ለራሱ ሊረጨው አይችልም፤ አጠገቡ ያለ ሰው ሳጥኑ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። እኛ ቤት ግን እናቴ ለጠያቂው ሁሉ «ወገቡን አሞት ነው» እያለች፣ ለቡና የሚመጡ ጎረቤቶች እንዳይሰሙ በሹክሹክታ እየተነጋገርን፣ ወንድሜም ከዘመድ እየተሸሸገ ስለ ኖርን፣ ሳጥኑን ከልብሴ ሥር ደብቄው ነበር። ያን ሌሊት የሥራ ፈረቃ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ እናቴ አታገኘውም፤ ብታገኘውም እንግሊዝኛ አታነብም።

ናርካን ሱስን አያድንም። ወንድሜን በእግሩ ያቆመው ከዚያ በኋላ የጀመረው ቡፕረኖርፊን የተባለ የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና መድኃኒት ነው፤ እስካሁንም በየቀኑ ይወስደዋል። አዲሱ ሳጥን አሁን ከጀበናው አጠገብ ተቀምጧል፤ አጠቃቀሙን በአማርኛ ጽፌ ለጥፌበታለሁ፤ የአገልግሎት ጊዜው እንዳያልፍ የሚከታተለው ወንድሜ ራሱ ነው።