የኖርማንዲ-ኒየመን ቴምብር፦ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ

በአጭሩ ግዙት። ግን ነገ አትርፌ እሸጠዋለሁ ብላችሁ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1969 ለኖርማንዲ-ኒየመን ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ክፍል) ያወጣችው ይህ ቴምብር ገበያው ላይ ሞልቷል። ፓሪስ ውስጥ ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። "ብርቅ ነው፣ ሌላ ቦታ አታገኘውም" የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ። እኔንም አንዱ ሞክሮኝ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ያው ቴምብር በሳጥን ተከምሯል።

በላዩ የተጻፈው ዋጋ 45 ሳንቲም ነው፣ ከዩሮ በፊት በነበረው ፍራንክ። ፈረንሳይ ነፃ የወጣችበት 25ኛ ዓመት ሲከበር ከወጡት ቴምብሮች አንዱ ነው። ሕትመቱ ጥሩ ነው፣ መስመሮቹ ቀጫጭንና ጥርት ያሉ ናቸው፣ በማጉያ መነጽር ስታዩት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የምቀንስበት ነጥብ በመጠኑ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እዚያች ወረቀት ላይ አይበቃም፤ ሻጮቹም ብትጠይቋቸው "የጦርነት ጊዜ አብራሪዎች ናቸው" ከማለት አያልፉም። ስለዚህ ታሪኩን እኔ ልንገራችሁ፣ ሳያውቁት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ፈረንሳይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን ተሸነፈች። ፈረንሳዊው ጄኔራል ደ ጎል ግን እጅ አልሰጥም ብሎ ከለንደን ሆኖ ትግሉን ቀጠለ። በኋላ ላይ ፈረንሳዮች ከሶቭየቶች ጎን፣ በምሥራቁ ግንባርም መዋጋት አለባቸው አለ። ስኳድሮኑ ሴፕቴምበር 1942 ሊባኖስ ውስጥ፣ ራያክ በሚባል ቦታ ተቋቋመ። ከዚያ በኢራን በኩል ዞረው በኖቬምበር መጨረሻ ከሞስኮ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ኢቫኖቮ ገቡ። ሲጀምሩ አብራሪዎቹ 14 ብቻ ነበሩ። ከሊባኖስ ፀሐይ ተነስቶ የሩሲያ ክረምት ውስጥ መግባትን አስቡት! እዚያ ያክ-1 በሚባለው የሶቭየት ተዋጊ አውሮፕላን ሠለጠኑና በ1943 ጸደይ ግንባር ወጡ።

ያ ዓመት ጨረሳቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አዛዥ ዣን ቱላን ጁላይ 17 ቀን 1943፣ ሩሲያ ውስጥ የኩርስክ ውጊያ በተፋፋመበት ሰሞን ወጥቶ አልተመለሰም። አዛዥነቱን ፒየር ፑያድ ተረከበ። በዚያው በጋ ፈረንሳውያኑ መካኒኮች ተነስተው በሶቭየት መካኒኮች ተተኩ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ ታሪክም የመጣው ከዚህ ነው። ጁላይ 1944 ስኳድሮኑ የጦር ሰፈር እየቀየረ ነበር። አብራሪዎቹ ሲዛወሩ መካኒኮቻቸውን ከመቀመጫቸው ኋላ ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ ጭነው ነበር የሚበሩት፣ መካኒኩ ፓራሹት የለውም። አብራሪው ሞሪስ ደ ሴን መካኒኩን ቭላዲሚር ቤሎዙብን ይዞ እንደተነሳ አውሮፕላኑ ነዳጅ ማፍሰስ ጀመረና ትነቱ ዓይኑን ጋረደው። ከመሬት "ዝለል!" ተባለ። እሱ መዝለል ይችላል፣ ቤሎዙብ ግን አይችልም። ደ ሴን አልዘለለም፣ ለማሳረፍ ደጋግሞ ሞከረ፣ አውሮፕላኑ ተከሰከሰና ሁለቱም ሞቱ።

ኒየመን የወንዝ ስም ነው። በ1944 በጋ ሶቭየቶች ያንን ወንዝ ተሻግረው ወደ ምዕራብ ሲገፉ ፈረንሳዮቹ ከላይ ሆነው ተዋግተዋል፣ ስታሊንም ለዚህ ውለታ ስሙን ጨመረላቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ተረጋግጦ የተመዘገበላቸው ድል 273 አውሮፕላን ነው። 42 አብራሪዎች ሞተዋል። አራቱ "የሶቭየት ኅብረት ጀግና" ተብለዋል፣ ከነሱ አንዱ ማርሴል ለፌቭር ሽልማቱ የመጣለት ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ከተረፉት አንዱ ሮላን ደ ላ ፖይፕ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የፕላስቲክ ነጋዴ ሆነ፤ አካሏ ፕላስቲክ የሆነችው የሲትሮየን ሜሃሪ መኪና የሱ ሐሳብ ናት። ጀርመን ላይ ሲተኩስ የኖረ ሰው የባሕር ዳርቻ መዝናኛ መኪና ይሠራል ብሎ ማን ይገምታል?

ጁን 20 ቀን 1945 በስታሊን ፈቃድ ያክ-3 አውሮፕላኖቻቸውን ይዘው ፓሪስ አጠገብ ያለው ለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ አረፉ። ቀጥሎ ኢንዶቺና፣ ከዚያም አልጄሪያ ዘመቱ፤ ያንን ክፍል ቴምብሩም ሆነ ሻጩ አያነሳውም። የቅኝ ግዛት ጦርነት ነዋ። ዛሬ ክፍሉ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ባለችው ሞን ደ ማርሳን ሆኖ ራፋል የሚባለውን የፈረንሳይ ተዋጊ ጄት ያበራል።

ለገዢዎች። ፓሪስ ያላችሁ ካሬ ማሪኚ ሂዱ፣ ሻንዜሊዜ ጎን ያለው የቴምብር ገበያ ነው፤ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ ይቆማል። ጀርባውን ሳታዩ አትክፈሉ፤ ሙጫው ሙሉ መሆን አለበት፣ አልበም ላይ ተለጥፎ የተላቀቀ ምልክት ካለው ዋጋው ይወርዳል። በጣት አትንኩት፣ ወረንጦ ያዙ። በኦንላይን የምታዙ ከሆነ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ፣ ሻጩ ካንገራገረ ሌላ ፈልጉ። ጊዜ ካላችሁ ለ ቡርዤ ያለው የአቪዬሽን ሙዚየም ጎራ በሉ፣ ከያክ-3ቱ አንዱ እዚያ ቆሟል። በቅርብ ስታዩት ሌላ ሰው ከመቀመጫው ኋላ እንዴት እንደሚገባ ለራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ትንሽ ጨምራችሁ ቴምብሩ የተለጠፈበትንና በወጣበት ዕለት ማህተም የተመታበትን ፖስታ ብታገኙ ግን ብቻውን ካለው ቴምብር እሱን ምረጡ።